የእትዬ ፒስታ ስንቅ

እትዬ ፒስታ ቤት ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ሰው እስካሁን አልታየም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው የመብራት ሠራተኛ ሙዝ ተሸክሞ ይወጣል። ሃይማኖቷን ሊያስቀይሯት የመጡ ሁለት ባለከረባት ወጣቶች አንዳንድ ዱባ ታቅፈው ሄዱ፤ የመጡበትን ጉዳይ ማን አስታውሶት። እኛ የታግዳሎን ሰዎች ሁላችንም እንግዳ ያለ ስንቅ አንሸኝም፣ ነውር ነው። እሷ ግን አብዝታዋለች። ሌባ ቢገባባት እንኳ «ቆይ ልጠቅልልህ» የምትል ሴት ናት ይሏታል፤ እኔም አላስተባብልም።

ሙሉ ስሟ ቴኦፊስታ ሳንጊባን ነው። ጎረቤቷ ሱማንዳል ነው፣ ከንቲባው ሶሊያኖ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሲላዳን ነው። የስፔኑ ገዢ በ1849 ለየከተማው ከመዝገብ እየገነጠለ የቤተሰብ ስም ሲያድል ለእኛ የ«ኤስ» ገጽ ደረሰን። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ በአንድ ስሙ ብቻ ነበር የሚጠራው። ይህን እዚህ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። አውቆ መርሳት የሚባል ነገር ግን አለና እሱን ያዙልኝ።

እትዬ ፒስታ በ1951 ከዘጠኝ ልጆች አምስተኛ ሆና ተወለደች። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን በቃኝ አለችው፣ ወይም እሱ በቃሽ አላት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከሸንኮራ ቆራጮች ጋር ባሕር ተሻግራ ኔግሮስ ደሴት ገባች፤ ለአርባ ወንድ በአንድ ድስት ሩዝ ትቀቅል ነበር። እዚያ ሁለት ሙያ ተማረች። አንደኛው በነፋስ መሀል ሩዝ ሳያሳርሩ ማብሰል ነው። ሁለተኛው ተረት ነው፤ ወጡ ሲያንስ ወሬውን ታበዛው ነበር፣ ወንዶቹም ወገባቸውንም ሆዳቸውንም ረስተው ይተኙ ነበር። ከቆራጮቹ አንዱን ዶሚንጎን አገባች። እሱ በሳምባ ሲሞትባት አንድ ወንድ ልጅና ያንኑ ድስት ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ካለው ታሊሳይ ዛፍ ሥር ኢቦስ ትሸጣለች፤ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ በዘንባባ ቅጠል ተጠቅልሎ።

ጉዱ የተጀመረው በ1995 በዝናቡ ወራት ነው። ሆቪቶ የሚባል አንድ ቀጭን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኢሎይሎ ከተማ መጣ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። የከተማችንን የድሮ ታሪክ ሊጽፍ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሽማግሌ ሲጠይቅ ዋለ፤ ሽማግሌው ሁሉ «እሱን እገሌ ነው የሚያውቅልህ» እያለ ሲያቀባብለው ቆይቶ መጨረሻ ላይ እትዬ ፒስታ ደጃፍ ደረሰ። ልጁ ርሷል፣ ደብተሩ ባዶ ነው። እሷ ደግሞ የዚያን ቀን ኢቦሱ አልቆባታል፣ ሙዙ አልበሰለም፣ ዶሮዋ እንቁላል ላይ ተቀምጣለች።

«ምንም አልፈልግም እማማ፣ ታሪክ ብቻ ይንገሩኝ» አላት።

ታሪክ አታውቅም። ግን «አላውቅም» ብላ ትሸኘው? በዚያ ዝናብ? ምን ቆርጧት። አስቀመጠችውና ተረከችለት። ድሮ የባሕር ወንበዴዎች ሲመጡ፣ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን የወርቅ ደወል ወስዶ የወንዙ አፍ ላይ አሰጠመው። አንድ ከሃዲ ግን ለአንድ ጆንያ ጨው ብሎ ቦታውን ለወንበዴዎቹ አሳየ። ደወሉ ግን ራሱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ተሰወረባቸው፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ ከውሃው ሥር ይደውላል። ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ሲያግዛት ነበር።

«መቼ ነው ይሄ?» አለ ልጁ፣ እየጻፈ።

በመስኮት የሚታየው የመብራት ምሰሶ ላይ ቁጥር አለ። «በ1754» አለችው።

«የከሃዲውስ ስም?»

ልክ በዚህ ጊዜ ከሸንበቆ አጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ዋልዶ ሲስል ተሰማ።

«ሱማንዳል» አለች እትዬ ፒስታ። «ሱማንዳል ነው የሚባለው። በደንብ አድርገህ ጻፈው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት ለአንድ ልጇ ሠርግ ያደለበቻት አሳማ ጠፍታባት ነበር። አጥሩ ተጥሷል፣ ዱካው ወደ ዋልዶ ግቢ ይሄዳል። ዋልዶ ሱማንዳልን ብትጠይቀው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየኋትም» ብሎ ማለ። ጥብስ አሳማ የሌለበት ሠርግ በእኛ አገር ሠርግ አይባልም። ልጇ ዓሣ አብልቶ ተዳረ፤ የሙሽሪት ወገኖች አፍ አውጥተው ባይናገሩም ሳህናቸውን እያዩ ነበር። እትዬ ፒስታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋልዶን ፊት ለፊት አላናገረችውም። መናገር ግን አልተወችም፤ በአሽሙር፣ በውሻዋ በኩል ነው የምትናገረው። «ጄኔራል፣ የሰው ሀብት የለመደ ሰውዬ በዚህ በኩል ካለ ውሃው ወደ እኛ እየፈሰሰ ነው በለው።» ዋልዶም ከማዶ፦ «ጄኔራል፣ ውሃው ከራሷ ጣሪያ ነው በላት።» ውሻው ሞቶ ሌላ ተተካ፣ እሱም ሞቶ ሌላ። ሦስቱም ጄኔራል ናቸው፤ ሥራው ስለማይቋረጥ ስሙም አልተቋረጠም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እትዬ ፒስታ ልጁ ወሬውን ይዞ ሄዶ እዚያው ይረሳዋል ብላ ነበር። እሱ ግን መመረቂያ አደረገው፣ ከዚያ ዶክትሬት አደረገው። ከዚያ ወረዳው ለትምህርት ቤት መጽሐፍ አሳተመው። ከዚያ አንድ ከንቲባ ተነሥቶ የደወል በዓል የሚባል ፈጠረ፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሕዝቡ ይጨፍራል፣ አንድ ቀይ ጭንብል ያጠለቀ ሰው «ሱማንዳል» ተብሎ በኮኮናት ዝንጣፊ እየተመታ ከተማውን ይዞራል። ዘፈንም ወጣለት። ዋልዶ ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ቢወዳደር «ደወል የሸጠ ዘር ቀበሌውን አይሸጥም?» ተባለና በአሥራ አንድ ድምፅ ወደቀ።

የመጀመሪያውን ዓመት እትዬ ፒስታ «ይበለው» አለች። ሁለተኛውንም። የዋልዶ ሚስት የሞተች ቀን ግን ሬሳው በገበያው ሲያልፍ አንድ ሰካራም ያንን ዘፈን አፉ ላይ አመጣው። ዋልዶ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ ሄደ። ያን ቀን እትዬ ፒስታ አፈረች። ለቄሱ ተናዘዘች። ቄሱ ለአገሩ አዲስ ናቸውና «ተረት ማውራት ኃጢአት አይደለም፣ እናቴ» ብለው አሥር ጸሎት አዘዙላት። አሥሩን ደገመች፣ ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነው።

በ2019 ሆቪቶ፣ አሁን ዶክተር ሆቪቶ፣ አንድ ትልቅ ጉባኤ ይዞልን መጣ። የአካባቢ ታሪክና ባህል ጉባኤ ነው፤ ከየደሴቱ ሦስት መቶ ምሁር፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ። ከተማው ታጠበ። ከቅርጫት ኳስ ሜዳው መግቢያ እስከ ገበያው ድረስ ባነር ተሰቀለ፣ ባነሩ ላይ ከምሁራኑ ስም የከንቲባው ፎቶ ይበልጣል። ለእትዬ ፒስታ ስድስት መቶ ኢቦስ ታዘዘ። ሆቪቶ ራሱ ቤቷ መጣና ለአክብሮት እጇን ግንባሩ ላይ አስነካ።

«እማማ፣ ዓርብ ከሰዓት የኔ ጽሑፍ ይቀርባል፣ ከዚያ የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ከዚያ ደግሞ ከከንቲባው ጋር ሆነው ጨርቁን ይስባሉ።»

«የምን ጨርቅ?»

«የእብነ በረዱን ነው። ታሪኩ ተቀርጿል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይተከላል። ከእንግዲህ ማንም አያጠፋውም።»

«ስሙም አለበት?»

«የእርስዎ? አለበት እንጂ፣ ከታች።»

«የኔን ማለቴ አይደለም» አለች እትዬ ፒስታ። በፕላስቲክ አሥር ኢቦስ ቋጥራ ሰጠችው።

ሐሙስ ዕለት ዳቦ ልትገዛ የወጣች መስላ ጉባኤው ወደሚደረግበት አዳራሽ ሄዳ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችው። ንባቧ ደካማ ነው፣ ግን ስምንት ትልልቅ ፊደል ለመቁጠር አራተኛ ክፍል ይበቃል። ሱማንዳል ይላል፣ ጠልቆ ተቀርጿል፣ የጣት ጫፍ ይገባበታል። ዋልዶ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሞተ በኋላም የልጅ ልጆቹ ለቅዳሴ ሲገቡ ይሄንን እያነበቡ ነው። ብትናገር ደግሞ ያ ልጅ፣ በየገናው የፍራፍሬ ኬክ የሚልክላት፣ «እማማ» የሚላት ልጅ፣ በሦስት መቶ ምሁር ፊት ይዋረዳል። ሁለት ሰው፣ አንድ ምላስ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተመለሰች።

ዓርብ ደረሰ። ጸሎት ተደረገ፣ መዝሙር ተዘመረ፣ ተማሪዎች ጨፈሩ፣ ከንቲባው «አጭር ንግግር» ብለው ጀምረው ምሳ አሳለፉ። አንዱ ምሁር ስለ መልሕቅ ቅርጽ፣ አንዷ በእኛ ቋንቋ ስላሉት አሥራ ሁለት የነፋስ ስሞች አቀረቡ። ዓሣ አጥማጆቹ ከኋላ ሆነው ሁለት ነፋስ ጎድሏል ብለው ተሟገቱ። እትዬ ፒስታ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ የተሸመነ ሻሽ ትከሻዋ ላይ አድርገውላታል። ዞር ስትል ዋልዶን አየችው። በመጨረሻው ረድፍ፣ ባሮንግ የሚባለውን የሠርግ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኮሌታው ቢጫ ሆኗል፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። እሷን አያይም። ጨርቅ የለበሰውን ድንጋይ ነው የሚያየው።

ሆቪቶ ጽሑፉን አነበበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ለጥያቄ ሲከፈት ከዋና ከተማው ከማኒላ የመጡት ፕሮፌሰር ካብሬራ እጃቸውን አነሡ፤ ቀጭን ሴትዮ ናቸው፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የተንጠለጠለ።

«ዶክተር፣ በጣም ደስ የሚል ነው» አሉ። የማኒላ ሰው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ሊገድል ነው። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ታሪኩ የ1754 ነው ብለዋል። የቤተሰብ ስም ግን ለዚህ ከተማ የታደለው በ1849 ነው። ሰውዬው ሱማንዳል የሚለውን ስም ከመቶ ዓመት ቀድሞ ከየት አመጣው?»

«ተውሶ ይሆናላ» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘ። አዳራሹ ውስጥ ያለን የ«ኤስ» ዘር ሁሉ እርስ በርስ ተያየን፤ ይህን ሁሉ ዓመት እየጨፈርን ይህን አንዳችንም አላሰብነውም። ሆቪቶ ወረቀቱን ገለበጠ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «ደግነቱ ምንጬ እዚሁ ናቸው። እማማ፣ ያስረዱን?»

ማይኩ እጇ ላይ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ሱማንዳል መጀመሪያ የቅጽል ስሙ ነው፣ ገዢው በኋላ መዝገቡ ላይ የጻፈው ከሱ ሰምቶ ነው» ማለት ብቻ ነው፣ አለቀ። ያማረ መልስ ነው። ሆቪቶ ይድናል፣ ጨርቁ ይሳባል። ዞር ብላ ዋልዶን አየችው። አሁን ወደ እሷ እያየ ነው፤ ባርኔጣውን ማንሣት ጀምሯል፣ ለመሄድ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለች። «ያን ቀን ኢቦስ አልቆብኝ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ።

«አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ልጁ ዝናብ መትቶት መጣ፣ የምሰጠው አጣሁ። ታሪክ ሰጠሁት። ደወል የለም። ከሃዲ የለም። ዓመቱ ጓሮዬ ያለው የመብራት ምሰሶ ቁጥር ነው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

«ስሙስ?» አሉ ፕሮፌሰር ካብሬራ።

«ስሙ የጎረቤቴ ነው። አሳማዬን በልቶብኛል ብዬ ተናድጄ ነበር። ሲበላ አላየሁም። ሳላይ ነው ስሙን ያጠፋሁት፣ እሱንም፣ ሟች ሚስቱንም፣ ልጆቹንም። ድንጋዩ ላይ ያለውን ፍቁልኝ፣ እለምናችኋለሁ።»

መቼም የታግዳሎን ሰው ደወሉን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ፀጉር አስተካካዩ ሲላዳን ተነሣ። «እንዴት የለም ትያለሽ? አያቴ ሲደውል ሰምቷል እኮ።» አንዱ አጥማጅ ቀጠለ፦ «ባለፈው ዓመት መረቤን የቀደደው ምን ሊሆን ነው ታዲያ?» ሌላው በሕልሙ አይቶታል። ከንቲባው ሪባኑን እንደያዙ፦ «እና ጨርቁን ልሳበው፣ ልተወው?» ይላሉ። ሆቪቶ ግን መድረኩ ላይ እንደቆመ ነው፤ እግሩ ደረጃ የሳተ ሰው መስሏል።

ዋልዶ ከኋላ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጉልበቱ ያመዋል። ማይኩን ከእትዬ ፒስታ እጅ ተቀበለ።

«ስለ ደወሉ አላውቅም» አለ። «አሳማዋን ግን እኔ ነኝ የበላሁ።»

ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር። ሠላሳ ሰው ጠራሁ፣ ከተራራው ሰባ ወረደ። ዶሮው አለቀ፣ ዓሣው አለቀ። ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ በእግሩ መጥቶ ባዶ ድስት እያየ ነው። የዚች ሴትዮ አሳማ አጥር ጥሳ ግቢዬ ገባች። እሷ ገበያ ሄዳለች። ምን ላድርግ? እንግዳ ባዶ ሆዱን ይመለስ? ማታ ስትመጣ እነግራታለሁ፣ እክሳለሁ አልኩ። እሷ ግን ሳይመሽ ግብዣው ላይ ደረሰች። ሁለት ሳህን በላች። ‹ዋልዶ፣ እንዲህ ያለ ሥጋ ከየት አገኘህ?› አለችኝ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገራት? ለቤቷም ጠቅልዬ አስያዝኳት።»

አዳራሹ ፈረሰ። ምሁር የለ፣ አጥማጅ የለ፣ ሁሉም ሆዱን ይዟል። ዋልዶ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ስሜን ስትሰጥ ሰምቻለሁ። አጥሩ ሸንበቆ ነው። ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይበቃታል ብዬ ነበር፤ ሃያ አራት ይሆናል አላልኩም። በምርጫው መውደቁ ግን አይገባኝም ነበር።» ማይኩን መለሰላትና ወደ ወንበሩ ሄደ።

እትዬ ፒስታ ቆማ ቀረች። ልትናደድ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ሰባ ሰው ከተራራ ወርዶ፣ ድስቱ ባዶ፣ አሳማ በር ላይ። እሷ ብትሆንስ? እሷማ ሁለት ታርድ ነበር። ያ ሥጋ እንዴት እንደ ጣማትም አስታወሰች። እዚያው ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ በተሸለመችው ሻሽ ዓይኗን ጠረገች።

ጨርቁ አልተሳበም። ሆቪቶ የዚያን ቀን ምንም አልቀመሰም፣ ከእሷም ጋር አልተነጋገረም። ፕሮፌሰር ካብሬራ አጠገቡ ተቀምጠው፦ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሥሩን ስፈልግ ኖሬያለሁ፣ ሥሩ ተነሥቶ ሲናገር ያየሁት ዛሬ ነው። ቅና ቢሉኝ እቀናብሃለሁ» ሲሉት ተሰምቷል። የሰማው ግን አይመስልም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ፒስታ ጓሮዋ ቅጠል ስትጠርግ በሩ ተንኳኳ። ሆቪቶ ነው፣ ሻንጣውን ይዟል። ያኔ የተቀመጠባት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል።

«ትናንት በጣም ነበር የተናደድኩብዎት እማማ።»

«ይገባሃል፣ ልጄ።»

«አሁንም ትንሽ አለ።» ደብተር አወጣ። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ። ከአሳማዋ ይጀምሩ። ያዩትን ብቻ።»

እትዬ ፒስታ መጥረጊያዋን አስቀመጠች፣ አፏን አበሰች። «እሺ። አሳማዬ ጥቁር ነበረች።»

«ቡራቡሬ ናት» አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ።

«ጄኔራል፣ ለዚያ ሰውዬ እንዲህ በለው...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ውሻው ጆሮውን አንሥቶ እየጠበቀ ነው። እትዬ ፒስታ ወደ አጥሩ ዞረች።

«ጥቁር ናት፣ ዋልዶ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።»

«እኔ ደግሞ የላጨኋት። ሆዷ ሥር ነጭ አለባት።»

«ሁለቱንም ልጻፍ?» አለ ሆቪቶ።

«ሁለቱንም ጻፍ» አለች። «ዋልዶ፣ በአጥር ምን ያስጮህሃል፣ ዞረህ ግባ። ትኩስ ኢቦስ አለ፣ ለልጁም ስንቅ ልጠቅልል።»

ዋልዶ ዞሮ ገባ። ጄኔራልም ትንሽ ጠብቆ፣ የሚያደርሰው መልእክት ሲያጣ፣ አግዳሚው ሥር ገብቶ ተኛ።